ሬዲዮዋ ዝም ያለችበት ቀን

የትምህርት ቤቱን ነርስ ተማሪዎቹ «ሬዲዮ» ይሏታል። ስሙ ያለምክንያት አልወጣላትም። አንድ አልጋና አንድ መስኮት ባላት ክፍሏ፣ ራሱን አሞት የገባ ሁሉ ከአንድ ክኒን ጋር የግማሽ ሰዓት ምክር ውጦ ነው የሚወጣው። ባሏ እንኳ «አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሬዲዮ አልችልም» ብሎ የራሱን ሸጧል እየተባለ ይቀለድባታል።

ይህ አፏ አንድ ቀን ጉድ ሠራት። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አዞረኝ ብላ መጣች። ነርሷ የደም ግፊቷን ልትለካ እጅጌዋን ስትሰበስብላት ጠባሳዎች አየች፤ ልጅቱ ራሷን ትጎዳ ነበር። ነርሷ ስትደነግጥ ደግሞ ምላሷ ይቀድማታል። እናትሽ ብታይ ምን ትላለች፣ ምን ጎደለሽ፣ ሁለተኛ እንዳትደግሚው ቃል ግቢልኝ አለቻት። ልጅቱ ቃል ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ግን በዚያ በር ዝር አላለችም። ነርሷ በየዕረፍቱ በሩን እያየች ጠበቀቻት።

ብዙም ሳይቆይ ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ተጠራች። አሠልጣኟ ራሳቸውን የሚጎዱ ልጆች ቅብጠት ይዟቸው ሳይሆን ጭንቀታቸውን የሚያወርዱበት አጥተው ነው አለች። አትቆጡ፣ ቃል አታስገቡ፣ ጠይቁና አዳምጡ አለች። ነርሷ ሁሉንም ጻፈች፤ «አዳምጡ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ላብ አጠመቃት።

በማግስቱ ልጅቱን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ አግኝታ ይቅርታ ጠየቀቻት። ልጅቱ ሁለት ቀን አስባበት መጣች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ከብዶሽ ነው የኔ ልጅ?» አለቻት ነርሷ። ልጅቱ የአንሶላውን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች። ነርሷ ምክሩ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ታወቃት፤ ጨነቃት። ቴርሞሜትሩን ብድግ አድርጋ የገዛ ምላሷ ሥር ወሸቀችው።

«ሲስተር፣ አሞዎታል እንዴ?»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች፤ አፏን አሳየቻት፣ ቀጥላም በጣቷ ወደ እሷ ጠቆመች፤ ተራው ያንቺ ነው ማለቷ ነበር። ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ሲያልቅ ማውራት ጀመረች። አባቷ ከቤት ከወጣ ወዲህ እናቷ እንዳትከፋ ብላ አንድም ቀን እሷ ፊት አልቅሳ እንደማታውቅ ነገረቻት። ቴርሞሜትሩ ሁለቴ ጢጥ አለ፤ ነርሷ ንቅንቅ አላለችም።

«አሁን ያውጡትና ይንገሩኝ» አለች ልጅቱ አይኗን እየጠረገች። «ለእናቴ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?»

ነርሷ ቴርሞሜትሩን አወጣችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትመክር፣ ምክሯን የጠየቃት ሰው ይህች የመጀመሪያዋ ነበረች። የምትለው ደግሞ ሞልቷት ነበር።

«አብረን እንነግራታለን» አለቻት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።