ሳይነካ የሚመለሰው ድስት

የሰፈራችን የሠርግ አዳራሽ እሺ አለ! ከዛሬ ጀምሮ የተረፈው ምግብ አይደፋም፣ ለጎረቤት ይሰጣል!

እንደምን ዋላችሁ? ደስታው ሰላምታዬን አስረሳኝ።

ሠርገኛው ሲወጣ ያ ሁሉ ወጥ የት ይገባል እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ዛሬ ከሰዓት ገብቼ ኃላፊውን ጠየቅኩት።

"ይደፋል እናቴ፣ ማን ይወስደዋል?"

"እኔ!" አልኩት፤ እሺ አለኝ።

አንድ ድስት ጥብስ ተሸክሜ በቀጥታ ጎረቤቴ ጀሚላ ጋ ሄድኩ። ባሏ የሚሠራበት ግንባታ ከቆመ ወዲህ ልጆቿ በቀን አንዴ ነው የሚበሉት።

ክዳኑን ከፍታ አየችና ሳቀች። "እትዬ ጽጌ፣ ሥጋው የክርስቲያን እኮ ነው!"

አሥራ አምስት ዓመት አብረን ኖረን! (የኔ ነገር፣ እግሬ ከጭንቅላቴ ይቀድማል።) ልጆቹ ግን ዓይናቸውን ከድስቱ አልነቀሉም።

ወደ አዳራሹ ተመልሼ ሮጥኩ። ወጥ ሠሪዋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"የሙስሊሙማ ለብቻው ተሠርቶ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ነው የሚመለሰው። ደጋሹ እንዳያንስበት እየፈራ፣ አምስት ሰው ጠርቶ ለሃያ ያሠራል።"

ይሄን ማን ያውቅ ነበር? ያልተነካውን ድስት ይዤ መጣሁ፤ ልጆቹ "በቃን" እስኪሉ በሉ። የመጀመሪያውን ድስት ደግሞ ጀሚላ ራሷ ከጀርባችን ላሉት ክርስቲያን አዛውንት አደረሰችላቸው።

በእናንተ ሰፈር ከድግስ የተረፈው የት ነው የሚገባው? ያያችሁትን ጻፉልኝ፣ የማወቅ ጉጉት ገድሎኛል።

ደስታችንን ደግሞ እኔ ግቢ፣ ለቡ መብራት ኃይል፣ አብረን እየበላን እናከብረዋለን። የቀረ ሰው እቀየመዋለሁ፤ የፊታችን እሁድ ከሰዓት ነው፣ እሁድ!