እመ ድመትና የባሌ ኮት

ሞቷን የሰማሁት የታጠበ አንሶላ በባልዲ ይዤ ደረጃ ስወርድ ነው። ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ሾፌር መንገዴ ላይ ቆመው፣ «ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ አርፋለች። ሆስፒታል እንደገባች አልወጣችም» አሉኝ።

ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ፣ «ድመቶቹስ?» አልኩ።

ባልዲውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቤታቸው ገቡ።

ከእሷ ጋር ስድስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተናል። ስትመጣ ድመቶቿ ሁለት ነበሩ። ቀጥሎ አምስት ሆኑ። አስራ አራት ሲደርሱ መቁጠሩን ተውኩት። ሾፌሩ «እመ ድመት» ብለው ሰየሟት፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ። ለድመቶቹ ግን ስም አታወጣም። ከደንበኛ ልብስ የተረፈ ቁራጭ አንገታቸው ላይ ታስርና በጨርቁ ትጠራቸዋለች። «ካኪ፣ ውረድ! ከፋይ፣ አንቺ ሌባ!» ስትል በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

ደጄ ላይ በተጸዳዱ ቁጥር ሄጄ አንኳኳለሁ።

«ጨርቅ አስሯል?» ትለኛለች።

«አላሰረም።»

«እንግዲያ የኔ አይደለም።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደ?»

«ሰማዩን ጠይቂዋ፣ እትዬ።»

ያናድዳል፤ ተመልሼ ገብቼ ብቻዬን የሳቅሁበት ቀንም አለ።

እጇ ግን ወርቅ ነበር። አሠራሯ የራሷ ነው፤ የልብሱን አንድ ወገን በነጭ ክር ላላ አድርጋ ትወሰውስና፣ ባለቤቱ ለብሶ ፊቷ ካልቆመ ሌላውን ወገን አትነካም። መቀስም አታስገባበትም። የቸኮለ ደንበኛ ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ ወይ ፍንክች።

ባሌ ካረፈ በኋላ ግራጫ ሱፍ ኮቱን ለሰው መስጠት አቃተኝ። በልኬ እንድታደርግልኝ ወሰድኩላት።

«የሳቸው ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

ትከሻዬንና ክንዴን ለክታ ኮቱን በጥንቃቄ አጥፋ አስቀመጠችው።

በሳምንቱ መጥታ አንኳኳች። «እትዬ፣ ቀኙን ወስውሼዋለሁ። ነይና ልበሺው።»

የዚያን ዕለት ጠዋት አንዱ ድመት በመስኮት ገብቶ አልጋዬ ላይ ተጸዳድቶ ነበር። ባሌ ይተኛበት በነበረው በኩል። አንሶላውን ገና ማንሳቴ ነበር።

«መጀመሪያ ድመቶችሽን ሰብስቢ» አልኳት። «እስከዚያ ደጄን እንዳትረግጪ።»

ጨርቅ አስሯል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። «እሺ» ብላ ሄደች።

እንዳለችውም አልረገጠችም። አራት ወር ሞላን። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እሷ ወደ ግድግዳው ትጠጋለች፣ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፍ እፈልጋለሁ። ኮቱን ይዛ የምትቀጣኝ መስሎኝ ነበር። ለሾፌሩም ከሰስኳት፤ «ኮቴን አስቀረችብኝ!»

«አንቺም እንደ ድመቶቿ በመስኮት ግቢና ውሰጃ» ብለው ሳቁብኝ።

ከቀብሩ በኋላ እህቷ ክፍሉን ልታስረክብ መጣች። ድመቶቹን በካርቶን እያደረገች ወደ ግቢዋ አመላለሰች። ሾፌሩ ካኪን አስቀሩ፤ አይጥ ስላስቸገራቸው ነው አሉ። ጨርቅ ያላሰረች አንዲት ጥቁር ድመት ተረፈች። የማንም ስላልሆነች እኔ ጋ ገባች።

በመጨረሻ እህቷ እኔን ጠርታ አንድ ፌስታል ሰጠችኝ። ኮቱ ነው። ድመት እንዳይደርስበት ቁም ሳጥኑ ራስ ላይ ተቀምጦ ነበር። አገላብጬ አየሁት፤ አንድ ፀጉር የለበትም።

«‹ለብሳ ሳላያት አልነካውም› እያለች አስቀመጠችው» አለችኝ። «‹ታዲያ ለምን አትጠሪያትም?› ስላት፣ ‹ደጄን እንዳትረግጪ ብላኛለች፤ ሲበርዳት ራሷ ትመጣለች› አለችኝ።»

በርዶኝ ነበር። አልሄድኩም እንጂ።

ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ለበስኩት። ቀኙ እጅጌ ታጥፎ፣ በነጭ ክር ተወስውሶ፣ ልክ የእጄ አንጓ ላይ ይቆማል። ግራው ጣቶቼን አልፎ ይወርዳል። ሾፌሩ ሌላ ሰፊ ጋ ውሰጂው ብለውኛል፤ አልወሰድኩትም። ግራው እጅጌ እስከ ዛሬ አልታጠፈም።