ያላየኋቸው ሁለት ረድፎች

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አከራዬ ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው እንግሊዛዊ የማሽን ሠራተኛ ናቸው። አርብ አርብ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል ይገቡና፣ እሁድ ዒላማ ለሚተኩሱበት ክለብ የሚሆናቸውን የሽጉጥ ጥይት፣ የተተኮሰ ቀለህ መልሰው እየሞሉ፣ በእጃቸው ይሠራሉ። ያኔ ፈቃድ ላለው ሰው ሽጉጥ መያዝ ገና አልተከለከለም።

መጀመሪያ ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ። እኔ ብሔራዊ ውትድርና ዘምቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። የማውቀው ጥይት በሳጥን መጥቶ በእፍኝ የሚታደል ነው፤ ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። እኚህ ሰው ግን አንዲቷን ቀለህ በማጉያ መነጽር እያገላበጡ፣ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰች ከደብተር ያነባሉ። አፏ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካዩ ይጥሏታል። ሳቄ በሁለተኛው ሳምንት አለቀ። ቁጭ ብዬ አፌን ከፍቼ አያቸው ጀመር።

እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ጽሑፋቸው አልነበብ ብሎ ነበር። ስለዚህ የደብተሩ ጸሐፊ ሆንኩ። ቀኑን፣ የባሩዱን ዓይነትና ክብደት፣ የቀለሁን ብዛት እየነገሩኝ እጽፋለሁ፤ ከግርጌ ሁለታችን እንፈርማለን። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ቆርቆሮ ባሩድ በላይ አይቀመጥም። ሬዲዮ የለም፣ ሻይ የለም፣ ሲጋራማ አይነሳም። ስልክ ቢጮህ የሚያነሳው የለም። ወሬም ክልክል ነው፤ ይሄኛው ለእኔ ከውትድርናው ይከብድ ነበር።

ሃምሳው ቀለህ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በአምስት ረድፍ ይቆማል። ባሩድ ከገባበት በኋላ፣ አረሩ ከመገጠሙ በፊት፣ አንድ በአንድ በባትሪ ይታያል። መጀመሪያ እሳቸው ያያሉ፣ ቀጥሎ እኔ። አንዱ ውስጥ እጥፍ ባሩድ ከገባ ሽጉጡ እጃቸው ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

«እኔ ቀድሜ ስላየሁት ደህና ነው አትበል» ይሉኝ ነበር። «እንደ አዲስ እይ።»

አንድ የሁዳዴ አርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ባትሪውን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ከሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ሦስተኛውን ረድፍ ስጨርስ ዓይኔ ብዥ አለብኝ። ቀና አልኩ።

«ሁሉንም አየህ?» አሉኝ።

«አዎ።»

ይሉኝታ ነው እንዲህ ያሰኘኝ። ለትልቅ ሰው ደከመኝ ማለት አሳፈረኝ። ደግሞ በልቤ፣ እሳቸው ያዩትን መልሶ ማየት ራሱ እንደ ድፍረት ይሰማኝ ነበር። ፈረምኩ።

እሁድ ቅዳሴ ቆሜ ስለ እጃቸው ብቻ አስባለሁ። ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ቢቆረጥስ? አላስቻለኝም። ቅዳሴው ሳይጋመስ ጫማዬን አንስቼ ስወጣ አንዲት እናት «ምን ነካህ ልጄ?» አሉኝ። ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ ቦርሳቸውን ይዘው በሩን ሊዘጉ ነው።

«እባክዎ አይሂዱ» አልኳቸው። «ሁለት ረድፍ አላየሁም። ዋሽቼዎት ነው።»

አሁን ጓዝህን ጠቅልል ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ተመልሰው ገቡና ኮታቸውን ሰቀሉ።

«ለምን አላየህም?»

ጾሜን እንደነበርኩ፣ ዓይኔም ብዥ እንዳለብኝ ነገርኳቸው። ወጥ ቤት ገቡና ዳቦ ላይ ማርማላታ ቀብተው ሰጡኝ። ጨርሼ እስክበላ ቆመው ጠበቁኝ።

ጥይቶቹ ከሰሌዳው ተነስተው ካርቶን ውስጥ ስለተደባለቁ፣ ያላየኋቸው የትኞቹ እንደሆኑ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሃምሳውንም ፈቱ። አንድ በአንድ አረሩን ነቀሉ፣ ባሩዱን መዘኑ፣ እኔም ጻፍኩ። ስንጨርስ አመሻሽቷል። ሃምሳውም ትክክል ነበር።

«በከንቱ አደከምኩዎት» አልኳቸው።

«ጠዋት አናውቅም ነበር። አሁን እናውቃለን» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ስንት አዛዥ አይቻለሁ፤ ያን ቀን እንደፈራኋቸው ግን ማንንም ፈርቼ አላውቅም፣ እንደወደድኳቸውም እንዲሁ።

ከዚያ የአርቡን ገጽ አስገለጡኝና «ጻፍ» አሉኝ። «ስህተቱ የእኔ ነው። ሰውየው መብላቱን ሳልጠይቅ ሥራ ላይ አስቀመጥኩት።» እምቢ ልል ስል እጃቸውን ደብተሩ ላይ አሳረፉ። ጻፍኩ። እሳቸውም ማስመሪያ አምጥተው ከፊርማዬ ጎን አዲስ መስመር አሰመሩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሽጉጥ በሕግ ሲከለከል መሣሪያቸውንና ጥይታቸውን ለፖሊስ አስረከቡ። ደብተሩን ለእኔ ሰጡኝ፣ ዛሬም አለኝ። ከዚያ እሁድ ወዲህ ያለው ገጽ ሁሉ በእኔ ጽሑፍ ነው የተሞላው። ከፊርማዬ ጎን ያለውን መስመር ብቻ በየሳምንቱ ራሳቸው ሞልተውታል፤ በዚያ በማይነበበው፣ በሚንቀጠቀጠው ጽሑፋቸው፦ «በልቷል።»