ላባውን እንደ ጋቢ ረገጥሁት

በጎቻችንን የጨረሰውን ጅብ አምባሰል ተራራ ላይ አድፍጠን ልንገድል ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተስማማን። ወንድሜ ደረቱን ያመዋል፤ ሐኪሙ ብርድ እንዳያገኘው ብሎ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ ሐይቅ ገበያ ወርጄ ከልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ላባ የተሞላ ስሊፒንግ ባግ፣ ውስጡ ገብተው የሚተኙበትን ከረጢት፣ መረጥሁለት። አዲሱን አቅሜ አይችለውም። አሮጌውን ጨምቄ ስለቀው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ወደድሁት። ሽታው ግን አስጠላኝ።

«አባባ፣ እንዳያጥቡት! ፀሐይ ላይ ብቻ ያናፍሱት» አለኝ ነጋዴው።

«ጋቢ ሳጥብ ያረጀሁትን ሰውዬ አንተ ልታስተምረኝ ነው?» አልሁት።

ሐይቁ ዳር በሳሙና ረገጥሁት፤ ጠምዝዤ አሰጣሁት። ሲደርቅ ላባው እዚህም እዚያም ጓል ሆነ፤ መሀሉ ባዶ ጨርቅ ቀረ። አፍሬ ለወንድሜ አልነገርሁትም፤ እንዲሁ ወጣን።

ተራራው ላይ ውርጭ ወረደ፤ ወንድሜ እዚያው ከረጢት ውስጥ ገብቶ አደረ። ጎህ ሲቀድ ጅቡ ከገደሉ ስር ብቅ አለ። ጠመንጃዬን ሳነጣጥር የወንድሜ ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማሁ። ዞር ብዬ ባየው ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ተኩስ እንጂ!» አለኝ።

ጠመንጃውን አስቀምጬ ጋቢዬን ደረብሁለትና ደግፌ አስነሳሁት።

«አመለጠ እኮ፣ አያ! ምን ነካህ?» አለኝ እያሳለ።

«ይሂድ! ላባውን አጥቤ ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ» አልሁት።