ጎሚስታው ያለቀሰበት ፊልም

በሰፈራችን ጎማ የሚጠግነውን ሰው በስሙ የሚጠራው የለም። «ድንጋዩ» ነው የሚባለው። የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን እየገፋ መንገድ የሚያሻግር ሰው ስለሆነ ቅጽል ስሙ ከጉልበቱ የመጣ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የወጣለት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አባቱ የተቀበሩ ዕለት ነው።

ያን ቀን ከሁሉም ቀድሞ የተነሳው እሱ ነበር። ሳጥኑን ያሠራው እሱ፣ መኪናውን የተከራየው እሱ፣ ለሽማግሌዎች ወንበር ያመላለሰው እሱ። አፈሩ ሲመለስ እንኳ አካፋውን ከጎረምሶቹ እጅ ተቀብሎ ራሱ ደለደለው። ዓይኑ ግን ደረቅ ነበር። አንዲት ጠብታ ጠብ አላለችም። ታላቅ ወንድሙ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደግፎት ነው የቆመው። በመሀል ዞር ብሎ አየውና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እዩት እስኪ፣ አባቱን ሳይሆን ያረጀ ጎማ የሚቀብር እኮ ነው የሚመስለው። ድንጋይ» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ድንጋዩ ይለው ጀመር። ሰው በቀልድ ይጠራዋል፣ እሱም «አቤት» ይላል። ወንድሙን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቃል አላወራውም። ወንድምየውም ኩሩ ነው፤ ይቅርታ ሊል አልመጣም። የሁለቱ ሥራ ቤት ሦስት መንገድ ቢራራቅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድንጋዩ ፀጉሩን ለመቆረጥ በታክሲ ሌላ ሰፈር ይሄድ ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩም ጎማው በተነፈሰ ቁጥር መኪናውን እያስነከሰ ከተማውን ያቋርጥ ነበር። የሚያውቃቸው ሁሉ ይስቃል እንጂ ደፍሮ መሀል የሚገባ ጠፋ።

የድንጋዩ ትልቋ ልጅ የከተማው ሲኒማ ቤት ውስጥ ትሠራለች። በር ላይ ትኬት ትቆርጣለች፣ ጨለማ ሲሆን ደግሞ ባትሪ ይዛ ለዘገየ ሰው ወንበር ታሳያለች። በዚያ ሰሞን አንድ ፊልም መጥቶ ወሬው ከተማውን ሞልቶት ነበር። ወንድ ያስለቅሳል ተባለ። ታክሲ ውስጥ፣ ባንክ ሰልፍ ላይ፣ የትም ቦታ ያየው ወንድ ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ «እኔ እንኳ አላለቀስኩም፤ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ግን አምርሮ አለቀሰ።» የድንጋዩ ሚስት ይህን ስትሰማ፣ «ይሄ አጠገባችሁ የሚቀመጥ ሰውዬ ስንት ጊዜ ነው ፊልሙን ያየው?» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አስቃለች።

አንድ ዓርብ ልጅቷ ወደ ጎማ ቤቱ ብቅ አለችና፣ «አባዬ፣ እሁድ የስምንት ሰዓቱን ና እስኪ። ለቤተሰብ አንድ ነፃ ትኬት ይሰጡናል» አለችው።

«ፊልም የወጣት ነው፣ ልጄ። ለእናትሽ ስጪያት።»

«እማዬ አይታዋለች።»

«አለቀሰች?»

«እሷማ ሽንኩርት ስትልጥም ታለቅሳለች። ና ብያለሁ፣ አባዬ።»

ልጁን እምቢ ማለት አያውቅበትም። እሁድ ቱታውን አውልቆ፣ በጥፍሩ ሥር የገባውን ጥቁር ነገር በብሩሽ ፈግፍጎ ሄደ። ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጠ።

ፊልሙ ስለ አንድ ግንበኛ ነበር። ግንበኛው ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑ እየደከመ ሄዷል፣ ግን ማንም እንዲያውቅበት ስለማይፈልግ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ይገነባል። አንድ ልጅ አለው፤ እሱም ለሥራ ሩቅ ሊሄድ ነው። ድንጋዩ እጁን አጣጥፎ እስከዚህ ድረስ ደህና ተመለከተ። እንዲያውም ግንበኛው ውሃ ልኩን የያዘበት አያያዝ ልክ አይደለም ብሎ በሆዱ ተችቷል። ከዚያ አባትና ልጅ አውቶቡስ መናኸሪያ ደረሱ። ነፋስ አለ። ሽማግሌው፣ «ና ልቆልፍልህ፣ ብርድ ነው» ይልና የልጁን ካፖርት መቆለፍ ይጀምራል። ስለማያይ የመጀመሪያውን ቁልፍ በሁለተኛው ቀዳዳ አስገባው፤ ታች ድረስ ሁሉም ተዛነፈ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። የአባቱን እጅ ሳመና ካፖርቱን እንደተዛነፈ ለብሶ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ እያየው፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ፤ አላስተካከለውም።

ይኸው ነው። የሞተ የለም፣ የጮኸ የለም። ድንጋዩ ግን እንባው መውረድ ጀመረ፤ ዱብ ዱብ ሳይሆን እንደተከፈተ ቧንቧ። ኮቱን አፉ ላይ ጠቅጥቆ ድምፁን አፈነ።

የእሱ አባት በመጨረሻው ዓመታቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ነገርም ይዘነጉ ነበር። በየጠዋቱ ዱላቸውን ይዘው ወደ ጎማ ቤቱ ይመጡና በሩ አጠገብ በተጋደመ ጎማ ላይ ይቀመጣሉ። ኮታቸው አንድም ቀን በትክክል ተቆልፎ አያውቅም። ድንጋዩ ከኮምፕረሰሩ ሥር ተነስቶ፣ በዚያ በቆሸሸ እጁ ፈትቶ መልሶ ይቆልፍላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚያደርገው። ሊሞቱ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ግን ሁለት መኪና በክሪክ ተነስቶ ቆሞ ባለመኪኖቹ ሲነዘንዙት፣ «ኧረ አባባ፣ አንድ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ አቃተዎት?» አላቸው። አባቱ ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። ይህችን ቃል ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም። የቀብሩ ዕለት እንባው የደረቀው በዚያች ቃል ነው፤ ለማልቀስ ፊት አልነበረውም።

ልጅቷ በባትሪዋ መሬቱን እያበራች ስታልፍ አየችው። ያመመው መስሏት ተጠጋች።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ጉንፋን ነው።»

«አሁን ስትገባ አልነበረብህም።»

«አሁን ያዘኝ። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

የሚቀጥለው እሁድ ትኬቱን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ገባ። ፊልሙ ያቺው የካፖርቱ ቦታ ላይ ሲደርስ ያው ሆነ፤ ሲወጣ ግን ከባድ ነገር ከጀርባው የወረደለት ያህል ቀለለው። በሦስተኛው እሁድ ከቤት ሊወጣ ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ወዴት ነው?»

«ጎማ ቤት፤ የሚያልቅ ሥራ አለች።»

«ሸሚዝ ለብሰህ?»

«ልቀይር ነው እዚያ።»

«ጎማውን በመሐረብ ነው የምትጠግነው?» አለችና ከኪሱ ብቅ ያለውን ጫፍ ሳብ አደረገችው። ልጅቷ ለካ ለእናቷ የነገረቻት ከመጀመሪያው ቀን ነው። ሚስቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ያንን የተጨማደደ መሐረብ ወሰደችና ሁለት የተተኮሱ አምጥታ ሰጠችው። «አንዱ አይበቃህም ተብያለሁ» አለችው።

ሲኒማ ቤቱ በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ለውጦ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ፊልሙ እንዳለቀ መብራቱን ቦግ ሲያደርጉት ወንዶቹ ሁሉ ፊታቸውን ይዘው ስለተራወጡ፣ አንድ ጡረተኛ ወታደር ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ፣ «እንዴት ድንገት ታበሩብናላችሁ? ለሰው ክብር ጊዜ ስጡት» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ መብራቱን በቀስታ፣ በመጀመሪያ የጥጉን፣ ቀጥሎ የመሀሉን ያበራሉ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ወደ መውጫው ሲሄዱ ወንዶቹ በግራ በኩል ወዳለው መታጠቢያ ቤት ይሰለፋሉ። እዚያ ሦስት ቧንቧ አለ፣ የሚሠራው ግን አንዱ ነው።

በሦስተኛው እሁድ ድንጋዩ ተራው ደርሶ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሲታጠብ ከኋላው አንድ ሰው አፍንጫውን ተናፈጠ። እንደ መኪና ጡሩምባ የሚጮህ፣ መጨረሻው ላይ ቀጠን የሚል መናፈጥ ነው። ያንን ድምፅ ልጅ ሆነው አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ ጀምሮ ያውቀዋል። ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ቀስ ብሎ ቀና አለ። መስተዋቱ ውስጥ ወንድሙ ቆሟል። ሸብቷል። ዓይኑ ቲማቲም መስሏል።

«አቧራ አለው ይሄ ቤት» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አዎ፣ ጋሼ፤ አቧራ ነው» አለ ድንጋዩ።

ጋሼ ያለው ሳያስበው ነው፤ ቃሏ አሥራ አንድ ዓመት ምላሱ ላይ ተኝታ ኖራ በራሷ ወጣች። ወንድምየው ሰማት። ድንጋዩ ከቧንቧው ትንሽ ፈቀቅ አለለትና ጎን ለጎን ቆሙ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው፣ ለማንም ያልነገረውን ለወንድሙ ነገረው። ስለ ኮቱ፣ ስለ ሁለቱ መኪኖች፣ ስለዚያች ቃል። «ለዚህ ነው ያላለቀስኩት» አለው።

ፀጉር አስተካካዩ ውሃውን ዘጋው።

«አባባ ወዳንተ ሲመጡ በኔ በር ነበር የሚያልፉት፣ ታውቃለህ አይደል» አለ። «ገብተው ትንሽ ይቀመጣሉ። ቁልፋቸው ተዛንፎ አይና ላስተካክል እጄን ስዘረጋ፣ 'ተወው፣ ታናሽህ ያስተካክልልኛል' ይሉኛል። ሁሌ። አንድ ቀን እልህ ያዘኝና በግድ አስተካክዬ ቆለፍኩላቸው። አመስግነው ወጡ። በመስኮት ሳያቸው ጥጉ ላይ ቆመዋል። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ፈትተው፣ እንደገና አዛንፈው እየቆለፉ ነው።»

ድንጋዩ ፊቱ ላይ የቀረውን ውሃ በመዳፉ ጠረገ።

«ይችሉበት ነበር እኮ» አለ ወንድሙ። «አንተ እንድትቆልፍላቸው ነው።»

«የመጨረሻው ሳምንትም?»

«የመጨረሻው ሳምንትም። ከተቆጣሃቸው በኋላም ማለት ነው። ሐሙስ ዕለት በኔ በር ሲያልፉ ተዛንፎ ነበር።» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «እኔ ቀንቼብህ ነበር። እኔ ጋ ገብተው ይወጣሉ፣ አንተ ጋ ሲሄዱ ይውላሉ። መቃብሩ ላይ የተናገርኩት እሱን ነው። ሐዘን አይደለም፣ ቅናት ነው። ከነጋ በኋላ ገባኝ፤ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። በየዓመቱ ደግሞ ይብስ ይከብዳል።»

ከኋላቸው ወንዱ ተሰልፎ ቆሟል። አንድ የታክሲ ሹፌር ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ወንድሞቼ፣ ነገሩ ገብቶናል፤ ግን ቧንቧዋ አንድ ናት። ዓይናችን እንዲህ ቀልቶ እንዴት እንውጣ?» አላቸው። ሁሉም ሳቀ፤ ሁለቱም ሳቁ። ድንጋዩ ከሁለቱ መሐረብ ያልነካውን አውጥቶ ለወንድሙ ሰጠው።

ልጅቷ መውጫው ላይ የተቆረጡ ትኬቶች ስትሰበስብ አባቷና አጎቷ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሲወጡ አየች። ደንግጣ ባትሪዋን ጣለች። አጎቷ አንስቶ ሰጣትና፣ «አድገሻል» አላት። ከሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ገብተው እስከ አመሻሽ ድረስ ተቀመጡ። ስለ አባታቸው ብዙም አላወሩም። ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ በዚህ ዘመን የሚመጣው ጎማ እንዴት ቶሎ እንደሚሰነጠቅ አወሩ። ድንጋዩ ኋላ ለኔ ሲነግረኝ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ሻይ ጥሞት እንደማያውቅ ነው የነገረኝ።

ፊልሙ በሰባተኛው ሳምንት ወረደ። ጡረተኛው አራት ጊዜ አይቶት ነበር ይባላል፤ እሱ ግን አንድ ጊዜ ነው ብሎ ይምላል።

በዚያው ወር አንድ ቅዳሜ ድንጋዩ ሚስቱንና ትልቋን ልጁን ይዞ ወደ ወንድሙ ቤት ለምሳ ሄደ። በሩን የከፈተችለት ሁለቱ የተኳረፉ ጊዜ ገና ያልተወለደች፣ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«አጎትሽ ነኝ።»

«የትኛው አጎቴ?»

ድንጋዩ ትንሽ አሰበ። «የማይመጣው» አላት።

ትንሿ ልጅም አሰበች። «መጡ እኮ ታዲያ» አለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ወደ ውስጥ ሮጠች። እናቷ ከማድ ቤት ሆና ማን እንደመጣ ስትጠይቃት፣ «አጎቴ ከነቤተሰቡ» ስትል ተሰማ። ሦስቱም ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው ገቡ።