በበር ያልገባው ጣሪያ

አያቴ አይሄዱም። ዛሬ ጠዋት፣ ለመንገድ የቋጠሩትን ጨርቅ ፈትተው ልብሳቸውን አንድ በአንድ ሚስማር ላይ ሲሰቅሉ በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ጓሮ ዞሬ፣ ማንም በማያየኝ ቦታ ትንሽ ዘለልኩ። ከዚያ ወረቀት አመጣሁ። በፊት ደስ ሲለኝ ወደ ጓደኞቼ ነበር የምሮጠው፤ ዘንድሮ ግን ከጻፍኩት ደስታው ቶሎ እንደማያልቅ አውቄያለሁ።

የአባቴ እናት ናቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ገጠር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለፈው ክረምት ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁ፤ ጎረቤት እስኪደርስላቸው ዝናቡ እላያቸው ላይ ሲወርድ ቆየ። አይሱዙ የሚነዳው አባቴ ይህን እንደሰማ መኪናውን አስነስቶ ሄደና አሶሳ፣ እኛ ቤት አመጣቸው። ሁለተኛ ብቻቸውን ቢወድቁ እንደማይነሱ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ። ቤታችንን ግን አልወደዱትም።

ቤታችን ቆርቆሮ ነው። በበጋ ቀትር ላይ እኛም ማንጎው ጥላ ሥር እንወጣለን። አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ አያቴ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና፣

"ይሄ የድስት ክዳን ነው" አሉ። "እኔ ሥሩ ነኝ። እስቲ እየኝ፣ አልበሰልኩም?"

"ትንሽ ጨው ይቀርዎታል" አለች እናቴ።

ሁለቱም ሳቁ። አያቴ አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላሉ። እናቴ ደግሞ የአያቴን የበርታ ቋንቋ አትችልም፤ ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የአያቴ አማርኛ ነው። እሱም ለጨው፣ ለውሃ፣ ለቀልድ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለውን ዝም ተባብለው ነው የሚያልፉት።

በጋው ወደ ማለቁ ሲቃረብ አያቴ አባቴን አስቀመጡትና በቋንቋቸው፣ ዝናብ ሳይጀምር ወደ ቤቴ መልሰኝ አሉት። በቆርቆሮ ሥር እንቅልፍ አይወስደኝም፤ መሞቴ ካልቀረ ሳር ሥር ልሙት አሉ። አባቴ ሲለምን ሰነበተ። በመጨረሻ፣ "የሳር ጎጆ እዚሁ ግቢ ውስጥ ብንሠራልሽስ?" አላቸው። አያቴ ትንሽ አሰቡ። ከተሠራ እቆያለሁ፣ ካልተሠራ እሄዳለሁ አሉ።

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ቀርከሃ ጭኖ ከገጠር መጣ። የበርታ ጎጆ ጣሪያ የሚሠራው መሬት ላይ ነው። ቀርከሃው እንደ ትልቅ የተደፋ ቅርጫት ተጠምዝዞ ይታሰራል፤ ከዚያ ሰፈሩ ተጠርቶ በትከሻው ተሸክሞ ግድግዳው ላይ ያስቀምጠዋል። ሳር የሚለብሰው በኋላ ነው። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ የጎጆው ክብ ግድግዳ ከቆመ ወዲህ ተዟዙሮ የሚሠራበት ቦታ አልተረፈም። አጎቴም ጣሪያውን ከደጃችን ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ሠራው። እሱ ያደገበት መንደር አጥር ቢኖር ለፍየል ነው፤ የብረት በር የለም። ስለ በሩ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳው ገና ባይደርቅም ጣሪያውን ግቢ ለማስገባት ጎረቤቱ ተጠራ። ወንዶቹ ጣሪያው ሥር ገቡ፤ ከውጭ የሚታየው እግራቸው ብቻ ሆነ። "ሄይ ሆ" እያሉ ተነሱ። አያቴ በርጩማቸውን አስወጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ሙሽራ እናት ተቀምጠዋል። ጣሪያው ሜዳውን አቋርጦ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ በራችን ጋ ደረሰና ቆመ።

"ምን ሆነ?" ይላሉ ከሥር።

"አይገባም" አለ አጎቴ፣ ቀስ ብሎ።

ከኋላ አንድ ባጃጅ መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። "ቤቱ ይለፍ ወይስ እኔ ልለፍ?" አለ ሾፌሩ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ አባቴን አዩት። "አንተ አይሱዙ በቀጭን ድልድይ ታሳልፋለህ ይሉሃል። ይችን በር መለካት አቃተህ?"

"መኪናው መሪ አለው፣ ጋሼ" አለ አባቴ።

ያኔ ሁሉም ሳቀ፤ ከሥር ያሉት ሲስቁ ጣሪያው ራሱ ተንቀጠቀጠ። አጋድሙት ያለ ነበር፤ ሲጋደም ወገቡ ይሰበራል አለ አጎቴ። በላይ አሳልፉት ያለም ነበር፤ በላይ የመብራት ሽቦ አለ። ፈትታችሁ ውስጥ እሰሩት ሲባል አጎቴ አልተቀበለም፤ ቀርከሃው ከደረቀ በኋላ ተፈትቶ መልሶ አይታጠፍም። ጣሪያውን መንገዱ ዳር አስቀመጡት።

እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ፣ አያቴን እስካያቸው ድረስ። ከበርጩማው ተነስተዋል። ለአባቴ በቋንቋቸው፣ "ቤቱ እንቢ ብሎኛል። ነገ በመኪናህ ውሰደኝ" አሉትና ገቡ። ተከትዬ ስገባ ጨርቅ ዘርግተው ልብሳቸውን እየቋጠሩ ነበር። ቋጠሮውን ልይዝላቸው ስል እጄን ገፉት።

መፍትሔው ለሁሉም ይታይ ነበር፤ አጥሩን ማፍረስ ነው። ማንም ግን አፉን ሞልቶ አልተናገረም፤ አጥሩ የእናቴ ነው። ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ እዚህ አካባቢ ሰው ከሰው የተፈራራበት ጊዜ ነበር። ገበያ ላይ አብረው ሲሸጡ የኖሩ ሴቶች ሰላምታ የተነፋፈጉበት። የአባቴ ዘመዶች እሷን ምን እንደሚሏት፣ የእሷ ዘመዶች እሱን ምን እንደሚሉት ሳታውቅ፣ እናቴ እኔን ይዛ ቤት ዘግታ ከረመች። ያ ሲያልፍ የቀድሞውን የቀርከሃ አጥር አስነስታ ቆርቆሮ አስመታች፣ የብረት በርም አስገጠመች። እስካሁን በየማታው መቀርቀሪያውን ራሷ ነው የምታየው። አባቴ ዘጋሁት ቢላትም ሄዳ ትነካዋለች።

ቋጠሮው ሲታሰር ከደጅ የቆርቆሮ ጩኸት ሰማን። አያቴም እኔም ወጣን። እናቴ ነበረች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ በሚስማር መንቀያ ከበሩ ጎን ያለውን ቆርቆሮ ትነቅላለች። ወንዶቹ ቆመው ያያሉ፤ አባቴ ሊቀበላት ቢጠጋ አልሰጠችውም።

"ምን ታደርጋለህ?" አሏት አያቴ።

"በር እያሰፋሁ ነው።"

"እንደማይገባ መጀመሪያ አላየህም?"

እናቴ እጇን አላቆመችም። "አይቻለሁ። ገና መሬት ላይ ሲጠመዘዝ አይቻለሁ።"

"ለምን አልተናገርህም?"

"ከተናገርኩ አጥሬ ይፈርሳል ብዬ ነዋ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ፈርቼ ነው፣ እናቴ። ያ ጊዜ አልለቀቀኝም።"

እናቴ ብላ ስትጠራቸው ትናንት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። የአያቴ አማርኛ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነን ብዬ ነበር።

"እኔም ያኔ በር ዘጋሁ" አሉ። "የኔ በር ግን ሳር ነው። ሌባ ባይመጣ ፍየል ይበላዋል።"

እናቴ ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። አያቴ ጉልበታቸውን ይዘው ዝቅ አሉና የወደቁትን ሚስማሮች ነጠላቸው ላይ ይለቅሙ ጀመር፣ የልጅ እግር ይወጋል እያሉ። አባቴና አጎቴ ያኔ ነው ገብተው ማገዝ የጀመሩት። የምሽቱ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ጣሪያው ግቢ ውስጥ ነበር።

እኛ ቤት ብዙ ነገር በቀልድ ነው የሚባለው፤ ለረጅም ጊዜ ቀልድ የመሸሻ መንገድ ይመስለኝ ነበር። ትናንት ግን አያቴ ስለ ፍየሏ ባይናገሩ ኖሮ፣ ስለዚያ ጊዜ ሁለቱ መቼም የሚነጋገሩ አይመስለኝም።

አሁን የምንጠብቀው የግድግዳው ምርጊት እስኪደርቅ ነው። ጣሪያው ዓርብ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ይቀመጣል። ይህን ስጽፍ አያቴ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

"ትጽፋለህ? ጻፍ። ዓርብ ይምጡ በል።"

"ማን ይምጣ?"

"ያነበበ ሁሉ።"

"ያነበበ ሁሉ ከመጣ ገንፎው ይበቃል?" አለ አባቴ ከውስጥ።

"አንተ መጀመሪያ በር ለካ" አሉት።

እንግዲህ መልእክቱን አድርሻለሁ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኑ። የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ አለ፤ ወጡን አያቴና እናቴ አብረው ይሠሩታል፣ በጨው ግን ገና አልተስማሙም። አሮጌ ልብስ ልበሱ፤ ቀርከሃ ይቧጭራል። ትከሻ ያላችሁ ከሥር ትገባላችሁ። አቅም የሌላችሁም አትቅሩ፤ ከሥር ያለ ሰው የሚሄድበትን አያይምና ውጭ ቆማችሁ ግራና ቀኙን ትነግሩታላችሁ።