በየክረምቱ የሚላግ በር

ዱዓ ከተደረገ በኋላ ቤት ማስመርመር ነውር ነው። ከኮምቦልቻ ተነስተን የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እስክንገባ እናቴ ይህንኑ ደጋግማ ነገረችኝ። ከመኪናው ፊት ወንበር የተቀመጠችው መሐንዲስ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ሰምታለች መሰለኝ፣ በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ ስትል አየኋት።

ልንገዛው ያሰብነው ቤት ለእናቴ ነበር። ግንቦት ላይ የኮምቦልቻው ቤታችን ቆርቆሮ ሲግል የደም ግፊቷ ይነሳል፤ ባለፈው ዓመት ራሷን ስታ ወድቃለች። ሐኪሙ ደጋ ውጪ ብሏታል። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ የሟቹ አባቴ ወዳጅ የነበሩ ሐጂ ቤታቸውን ሊሸጡ መሆኑን ሰማን። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ነገሩ አለቀ፣ ዱዓ ተደረገ። የቀረው ውል መፈራረም ብቻ ነበር።

እኔ ግን የኋላውን ክፍል ግድግዳ አይቼ ነበር። ቤቱ በሙሉ የደበዘዘ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ፣ ከመስኮቱ ጥግ በሰያፍ የሚወርድ የእጅ ስፋት ያህል መስመር ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ስለ ግንባታ የማውቀው በራሴ አንብቤ የደረስኩበትን ብቻ በመሆኑ አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልኩም። ኮምቦልቻ ሕንፃ የምታሠራ ወጣት መሐንዲስ ፈልጌ ቅዳሜ ጠዋት ቀጠርኳት።

ሐጂ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን።

«አሰላሙ ዐለይኩም! የቤቱ ሐኪም እቺ ናት?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አለች እናቴ አንገቷን ደፍታ። «ሐጂ፣ አይቀየሙን። የዛሬ ልጅ ነው፤ ካላየ አያምንም።»

«ምን ችግር አለው! በሬም ሲገዛ ጥርሱ ይታያል። ብቻ ልጄ፣ ከተስማሙ በኋላ የበሬውን አፍ የሚከፍት ሰው ሳይ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ።»

መሐንዲሷ ሳቀች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

የሐጂ ልጅ ከሕፃኗ ጋር የምታድረው በኋላው ክፍል ነው። መሐንዲሷ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኩታ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጣ አየች። ሐጂ የክፍሉን በር እየደባበሱ፣

«ይህን እዪልኝ፣ ጥድ ነው። አያረጅም። ክረምት ክረምት ያብጣል እንጂ።»

«ሲያብጥ ምን ያደርጋሉ?»

«እልገዋለኋ! መላጊያዬ ይኸው።»

«የቱ ጋ ነው የሚልጉት?»

«ላዩን። በእጀታው በኩል ያለውን ጥግ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። እዚያ ነው የሚያብጠው።»

«በጋ እንጨቱ ሲደርቅስ፣ ከላይ ክፍተት ይተዋል?»

ሐጂ አሰቡ። «አይተውም። የሚከፈተው ከታች ነው። የደሴ ብርድ ደግሞ ታውቂው የለ፣ እግር ይቆርጣል። ከሥር ጣውላ እመታበታለሁ።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «አባባ፣ በሩን እናውልቀው?»

ማጠፊያውን ፈትተን፣ እኔና ሐጂ ተሸክመን ግቢው ሲሚንቶ ላይ አጋደምነው። መቃኑ ላይ እያለ እንደማንኛውም በር ቀጥ ያለ ነበር። መሬት ላይ ግን የተገፋ ሳጥን መሰለ። ላዩ ወደ እጀታው በኩል አዘቅዝቆ አራት ጣት ያህል ጎድሏል። ከሥሩ ደግሞ በአንድ ጫፍ የሰፉ፣ በሌላው የሾሉ ጣውላዎች አንዱ በአንዱ ሥር ተመትተዋል፤ የላይኞቹ ጠቁረዋል፣ የመጨረሻው ገና ነጭ ነው። መሐንዲሷ ማዕዘኑ ላይ የማዕዘን መለኪያ ብረቷን፣ ስኳድራዋን፣ አስጠጋች። ከእንጨቱና ከብረቱ መሀል እጄ ይገባ ነበር።

እኔ የጠበቅኩት ስንጥቅ ነበር፤ ስንጥቅ ይደፈናል።

«እንጨት ሲያብጥ እንዲህ አይሆንም» አለች ቀስ ብላ። «በሩ አላበጠም፤ ቤቱ ነው የሚሄደው። ቁልቁል ያለው ግድግዳ አፈሩ ውሃ በጠጣ ቁጥር ይሰምጣል። እርስዎ በሩን እያስተካከሉ አብረውት ወርደዋል።»

ሐጂ ቁጢጥ ብለው ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ነኩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የእርሳቸው አልመስል አለኝ። «ወላሂ አላወቅሁም። ቀለሙንም የቀባሁት እንግዳ ይመጣል ብዬ ነው።»

አመንኳቸው። የሚያውቅ ሰው ልጁን እዚያ አያሳድርም።

ልጃቸው ሕፃኗን አዝላ ወጣች። «አባ፣ በሩን ምን ነካችሁት? ልጄን እኮ ይበርዳታል!»

መሐንዲሷ ወደ እሷ ዞራ፣ «ዝናቡ ሊገባ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ክፍል ሰው አይደር» አለች።

እናቴ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። «ሐጂ፣ ዱዓው...» ብላ ጀመረች።

«ዱዓው የተደረገው ለቤት ነበር» አሉ ሐጂ ሳይነሱ። «ይህን ቤት ብዬ ለአንቺ አልሰጥም። ከቃላችሁ ፈትቻችኋለሁ፤ እናንተም ፍቱኝ።»

አልጋውንና ፍራሹን ወደ ላይኛው ክፍል አወጣን። ከዚያ፣ ነፋሱ ባዶውን ክፍል አልፎ እንዳይገባ፣ በሩን መልሰን ሰቀልነው። ሐጂ በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት። ያለ አንዳች ድምፅ ገጠመ።

ሐረጎን ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮቱ እየገባ ተቀበለን። እናቴ ስለ ነውር ዳግም አላነሳችም። ቤታችን ስንደርስ ቁልፉን አዙራ በሩን ከፈተች፤ ከውስጥ የታፈነው ግለት ፊታችንን መታን። አልገባችም። ደፉ ላይ ቆማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በእጀታው በኩል ያለውን የበራችንን የላይኛውን ጥግ ስታይ ቆየች።